የወር አበባ ሕመም ሲበረታ፦ ችግሩና መፍትሄው

በጎንደር መድኃኒት ቤቶች መስኮት ላይ የወር አበባ ሕመም በስሙ ሲጠራ እምብዛም አይሰማም፤ ገዢዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሆድ ቁርጠት ማስታገሻ» ትላለች፣ ሻጩም ሳይጠይቅ ይሰጣታል። ሕመሙ መቼ እንደሚጀምር፣ ስንት ቀን እንደሚቆይና ከዓመት ዓመት ይብስ እንደሆነ ሳይጠየቅ ግን መንስኤውን መለየት አይቻልም።

ቁርጠቱ ከደሙ ጋር መጥቶ በሁለት ወይም በሦስት ቀን የሚተው ከሆነ

ሕመሙ ደም ከመታየቱ ጥቂት ሰዓታት ቀድሞ የሚጀምር፣ ከእምብርት በታች ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ወገብና ወደ ጭን የሚወርድ፣ አንዳንዴም የሚያቅለሸልሽና የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ከልጅነት ጀምሮም እንዲሁ ከነበረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከበሽታ የመጣ አይደለም። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሲፈርስ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ይመነጫል፤ እርሱም የማህፀንን ጡንቻ አጥብቆ ያኮማትራል።

ከማስታገሻዎች አይቡፕሮፌን የሚመረጠው ይህ ንጥረ ነገር እንዳይመረት ስለሚከለክል ነው፤ ፓራሲታሞል በዚህ ረገድ ደከም ይላል። ለአዋቂ ሴት የተለመደው መጠን በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ 400 ሚሊግራም ሲሆን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ1200 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ያለባት፣ እንዲሁም ማርገዟን የምትጠረጥር ሴት ሐኪም ሳታማክር አትውሰደው።

መድኃኒቱ «አልሠራልኝም» ሲባል

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የክኒኑ ሳይሆን የሰዓቱ ነው። በዐቢይ ጾም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቁርጠት የጀመራት ሴት ክኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እስከ 9 ሰዓት ታቆየዋለች፤ በምትውጠው ጊዜ ፕሮስታግላንዲኑ ሥራውን ሠርቶ ሕመሙ ሥር ሰዷል። መድኃኒቱ መጀመር ያለበት ሕመሙ ገና ሲሰማ፣ ወሯ የማይዛነፍ ከሆነም ከአንድ ቀን በፊት ነው። በባዶ ሆድ መዋጡ ጨጓራን ስለሚጎዳ፣ በእነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት ጠዋት ጥቂት እንጀራ በሽሮ መቅመስን በተመለከተ የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል፤ ሕመምተኛን የሚያስጨንቅ የንስሐ አባት እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሙቀትም የሚናቅ አይደለም። ቡናው ከተጠጣ በኋላ ፍሙ ላይ የሞቀውን ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ከእምብርት በታች ማሳረፍ ጡንቻውን ያላላዋል፤ የፈላ ውሃ ግን ፕላስቲኩን ያጣምማል፣ ቆዳንም ያቃጥላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ በሦስት ወር ለውጥ ከሌለ፣ ሐኪም የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን፣ የሦስት ወር መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበረውን ሊያዝ ይችላል። ላላገባች ልጅ ሲታዘዝ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ የታዘዘው ግን ለሕመሙ ነው።

ሕመሙ ከዓመት ዓመት የሚብስ ከሆነ

«ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው ማጽናኛ እዚህ ላይ ጉዳት ያደርሳል። ከ25 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ፣ ከወር አበባው ቀን ውጭም የሚያም፣ በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ወይም ብዙ ደም የሚያፈስ ሕመም ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ)፣ የማህፀን ኢንፌክሽን ወይም ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ) ሊሆን ይችላል፤ በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ መዳብ ያለበት ሉፕም ሕመሙን ሊያብስ ይችላል። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማህፀን ክፍል መሄድ ይሻላል። አልትራሳውንዱ «ምንም የለም» ቢል እንኳ ኢንዶሜትሪዮሲስ የለም ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በአልትራሳውንድ አይታይም።

የወር አበባ ሳታይ በየወሩ ሆዷን የሚያማት ልጃገረድ ደሙ መውጫ አጥቶ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለባት። የወር አበባዋ ዘግይቶ በአንድ ጎን ብርቱ ሕመም የያዛት፣ ራሷንም የሚያዞራት ሴት ግን ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል፣ ማስታገሻ ውጣ ከመተኛት ይልቅ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ።