ሞንድሪያንንና ማሌቪችን በአንድ የላሜራ በር ላይ ማዋሃድ

ለገጣፎም ሂዱ፣ ሱሉልታም ሆነ ሰበታ፣ አዲስ ግቢ የላሜራ በር አያጣም። አብዛኛው ቡናማ ይቀባና አለቀ። በሩ ላይ የተበየዱትን ቱቦላሬዎች ልብ ብላችሁ እዩአቸው፤ ቁምና አግድም ናቸው። ግማሹ ንድፍ ተሠርቶ ተቀምጧል።

ያ ንድፍ የሚያስታውሰው ሆላንዳዊውን ሰዓሊ ፒየት ሞንድሪያንን ነው። ጥቁር ቁምና አግድም መስመር፣ አልፎ አልፎ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ፣ የቀረው ነጭና ግራጫ። ከእሱ ጋር የምናጣምረው ኪየቭ የተወለደውን የሰዓሊውን የካዚሚር ማሌቪችን፣ ሱፕሬማቲዝም የተባለውን የሥዕል ስልት ነው። እሱ ዘንድ ዘመም ያሉ ቅርፆች ነጭ ባዶ ላይ ይንሳፈፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1915 ፔትሮግራድ ውስጥ በተከፈተ ኤግዚቢሽን «ጥቁር ካሬ» የተባለ ሥዕሉን የሰቀለው ከላይ ጥግ ላይ፣ ሩሲያውያን ቅዱስ ሥዕል በሚያኖሩበት ቦታ ነበር። ድፍረቱን አስቡት።

ሁለቱ በጠባይ አይገጥሙም። የሞንድሪያን መስመር ሁሉን ቆልፎ ይይዛል፤ የማሌቪች ቅርፅ አየር ይፈልጋል። የሞንድሪያን ባልደረባ የነበረው ሰዓሊ ቴኦ ቫን ዱስቡርግ ሰያፍ መስመር ማስገባቱ ከሞንድሪያን ጋር ካለያዩት ምክንያቶች አንዱ ነው ይባላል። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ አትቀላቅሉ። አንዱ ባለቤት፣ ሌላው እንግዳ ይሁን። እዚህ ባለቤቱ ሞንድሪያን ነው፤ ብረቱ ቀድሞ ወስኖታል።

መጀመሪያ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ያዙ። አንዷን ካሬ እንደ 10 ሳንቲ ሜትር ቁጠሩ፤ 3 ሜትር በር 30 ካሬ ይሆናል። ቱቦላሬዎቹን በየቦታቸው በጥቁር አስምሩ። ከተፈጠሩት ሳጥኖች አንዱን ሰማያዊ፣ አንዱን ቢጫ አድርጉ። ጎን ለጎን ባይሆኑ ይሻላል። ቀዩን ለእንግዳው አስቀሩለት። አረንጓዴ ይቅር፤ ከቀይና ከቢጫ ጋር ከገባ አላፊ አግዳሚው የሚያየው ባንዲራ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ከባለቀለም ወረቀት አንድ ረዘም ያለ ቀይ አራት ማዕዘን ቁረጡ። ሳታጣብቁ ንድፉ ላይ እያንሸራተቱ ሞክሩት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ዋናው ሥራ ይህ ነው። ቀዩ በአንድ ሳጥን ውስጥ ከታሰረ ሞተ ማለት ነው። ቢያንስ አንድ ጥቁር መስመር አቋርጦ ሰፊ ነጭ ቦታ ላይ ይውጣ። ዘመምታው አይብዛ፤ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ሲሄድ 10 ከፍ ቢል ይበቃል። 45 ዲግሪ ካደረጋችሁት የመንገድ ምልክት ይመስላል። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። ቀድሞ የሚታያችሁ ቢጫው ወይም ሰማያዊው ከሆነ፣ እሱን አሳንሱት ወይም ግራጫ አድርጉት።

አሁን ወደ በሩ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ አንቲረስት ቀቡ፣ ከላይ ነጭ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ። በክረምት አይጀመርም። በበጋም ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት ንፋሱ የኮረኮንቹን አቧራ እርጥብ ቀለም ላይ ያራግፈዋል። የታችኛውን ረድፍ ግራጫ አድርጉት። ሞንድሪያንም ግራጫ ይጠቀም ነበር፤ የሐምሌ ጭቃ ደግሞ ነጭ ላይ አያምርም።

የቀዩን ጠርዝ በሲባጎና በጠመኔ አስምሩ። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ከጥጉ በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ለኩ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል 100 ከመጣ ልክ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሰማያዊና ቢጫ፣ ከዚያ ቱቦላሬው ጥቁር፣ በመጨረሻ ቀዩ። በየመሃሉ አንድ ሌሊት ይደር። ቀዩ የሚያልፍበትን የቱቦላሬ ክፍል ጥቁር አትቀቡት፤ ነጭ ሆኖ ይቆይና ቀዩን ይቀበል። ብረቱ ከላሜራው ወጣ ስለሚል መስመሩ ከጎን ሲታይ የተሰበረ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ሰው መንገዱ መሃል ፊት ለፊት ቆሞ «ከፍ፣ ዝቅ» እያለ ይምራችሁ።

ለጠርዙ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ቀዩን ከመቀባታችሁ በፊት በፕላስተሩ ዳር ከሥሩ ያለውን ቀለም በስሱ አስኪዱበት፤ ቀዩ ወደ ውስጥ እንዳይሾልክ ያደርገዋል። ፕላስተሩን ቀለሙ ድርቅ ሳይል በቀስታ ላጡት። የተረፈውን ቀይ በደንብ በሚዘጋ ጠርሙስ አስቀምጡ፤ ፀሐይ ሲያደበዝዘው ለመደረብ ይፈለጋል።