የፊት መብራት ሲደክም አምፖል ላይ አትሩጡ

ሐረጎን በጭጋግ የወረደ ሾፌር ስለ ፊት መብራት አይነገረውም። ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ያለው ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት በደብዛዛ መብራት አይኬድም። ግን አሮጌ መኪና ላይ ብልሽቱ ሲፈለግ በየጋራዡ የማያቸው ስህተቶች ያው ናቸው።

አንደኛው ሳያዩ አምፖል መቀየር ነው። አንዱ ወገን ብቻ ከጠፋ እሺ፣ ከአምፖሉ ጀምሩ። ሁለቱም እኩል ከጠፉ ግን የጋራቸውን ፈልጉ፦ ፊውዝ፣ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋው)፣ ማብሪያ። አጭሩ መብራት በሁለቱም በኩል ጠፍቶ ረዥሙ ከሠራ፣ ከአጭር ወደ ረዥም የሚለውጠውን መቀየሪያ ጠርጥሩ።

ፊውዝ ተቃጠለ ብሎ በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ወይም በሽቦ ማገናኘትስ? ይህ ደሜን ያፈላዋል። ፊውዝ የሚቃጠለው ሥራውን ሠርቶ ነው። የሆነ ቦታ ሽቦ ቦዲ ነክቷል ብሎ እየነገራችሁ ነው። አፉን ከዘጋችሁት ቀጥሎ የሚነደው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ገመድ ነው። ከባቲ አንድ ፒካፕ ተጎትቶ መጥቶልን ነበር። የዳሽቦርዱ ሽቦዎች ቀልጠው አንድ ላይ ተጣብቀዋል። ፊውዙ ቦታ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። የሁሉ ነገር መነሻ ከራዲያተሩ አጠገብ ላስቲኩ ተልጦ ብረት የነካ አንድ ሽቦ ነበር። ናስትሮ ይበቃው ነበር! ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ በ15 ፋንታ 30 አምፔር ማድረግም ያው ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ወደሚመለስበት መስመር። ጀማሪዎች ፖዘቲቩን ብቻ ነው የሚከታተሉት። ኤሌክትሪክ ግን መመለሻም ይፈልጋል። አሮጌ መኪና ላይ ጥቁሩ ሽቦ ቦዲው ላይ የታሰረበት ብሎን ይዝጋል፣ አንዳንዴም ቀለም ተቀብቶበታል። ያኔ አንዱ መብራት ቢጫ ይሆናል። ወይም ረዥሙን ስታበሩ የፓርኪንግ መብራቱ አብሮ ይንቦገቦጋል፤ መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በሌላ አምፖል እየዞረ ነው።

መለካቱ ቀላል ነው። መብራቱን አብሩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፖሉ ማሳ ላይ አድርጉ። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ጤነኛ ነው። ከ0.5 ቮልት ካለፈ ብሎኑን ፍቱ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉት፣ አጥብቁ፣ ግሪስ ቀቡት። እባካችሁ አምፖሉን ነቅላችሁ ሶኬቱን ብቻ አትለኩ። አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም ያኔ 12 ቮልት ያሳያል። አምፖሉ ሲጭነው ነው ጉዱ የሚወጣው።

ቶዮታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ አሮጌ ቶዮታዎች፣ በተለይ ላንድክሩዘር፣ ፖዘቲቩ ለአጭሩም ለረዥሙም የጋራ ነው። መቀየሪያው የሚመርጠው በማሳ በኩል ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ ማሳውን በቀጥታ ቦዲ ላይ ያስረውና አጭርና ረዥሙ አልለይ ይለዋል። ልኬቱ ከበዛም እዚህ መኪና ላይ ጥፋቱ መቀየሪያው ውስጥ ሊሆን ይችላል።

መብራቱ ደከመ ብሎ 60/55 ዋት (ረዥሙ 60፣ አጭሩ 55) በነበረበት 100/90 መግጠም ሌላው ነው። 60 ዋት በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል። 100 ዋት ከ8 ያልፋል። ያንን ሁሉ ያረጀው ማብሪያ አይችለውም፣ ይቀልጣል። ብርሃን ከፈለጋችሁ ከባትሪው ወፍራም ሽቦ በፊውዝና በሪሌ አምጡ። ያው 60ው ራሱ ሙሉ ቮልት ሲያገኝ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

የሃሎጅን አምፖል ብርጭቆውን በጣት አትንኩ። የአይሱዙ ኤንፒአር አምፖል 24 ቮልት ነው፣ ከኮሮላው ጋር አታደባልቁት። ጋዝ ሲሰጥ የሚደምቅ፣ ሲለቀቅ የሚደክም መብራት ከሆነ ዲናሞውን ለኩ፤ ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መሆን አለበት።

ጨርሳችሁ ስትለቁ መብራቱን አብርታችሁ ሶኬቱን፣ ሽቦውን፣ የፊውዝ ሳጥኑን በእጃችሁ አወዛውዙ። ብልጭ ድርግም ካለ አላለቀም። የላላውን ተርሚናል አጥብቃችሁ እንደገና አወዛውዙ፣ ከዚያ ቁልፉን ለሾፌሩ ስጡት።