ሁለት ብራሽለስ ሞተር በአንድ ትእዛዝ እንዴት ይሠራል?

ባለሁለት ሞተር የሞዴል አውሮፕላን የሚሠራ ሰው አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። ሁለቱንም ብራሽለስ (ካርቦን የሌለው) ሞተር አንድ ኢኤስሲ፣ ማለትም አንድ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ላይ ባስራቸውስ? ወጪም ክብደትም ይቀንሳል። እኔም ሞክሬው ነበር። አንደኛው ሞተር ተነሣ። ሌላው እዚያው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወዲያው ባትሪውን ነቅዬ ሞተሩን ብነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል።

ካርቦን ያለው ሞተር ቢሆን ችግር አልነበረም። የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ የሚቀያይረው እዚያው ውስጡ ያለው ካርቦን ነው። ብራሽለስ ግን ካርቦን የለውም፤ ሥራው የኢኤስሲው ነው። ከሦስቱ ሽቦዎች በሁለቱ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ በሦስተኛው ላይ የሚመነጨውን ቮልቴጅ ያነባል። ማግኔቱ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዚህ ነው። ሁለት ሞተር ከታሰረበት ሁለት የተለያየ መልስ ይመጣበታል። የማንን ይስማ? አንዱ ይቆማል፣ የቆመው ብዙ አምፒር ይስባል፣ ኢኤስሲው ይቃጠላል።

ስለዚህ ትእዛዙን እንጂ ኢኤስሲውን አታጋሩ።

ከሁሉ በፊት ፕሮፔለሮቹን ፍቱ። ይህን አደራ እላለሁ፤ ጣት ይቆርጣሉ።

ለየሞተሩ አንድ ዓይነት ኢኤስሲ ግዙ። ሞተሩ 18 አምፒር የሚስብ ከሆነ 30 ይበቃል። ሁለቱን ኢኤስሲዎች ከአንድ ባትሪ ጋር ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር እሰሩ። ባትሪው የሁለቱን ድምር፣ 36 አምፒር፣ መቻል አለበት። 2200 ሚሊአምፒር ሰዓት (2.2 አምፒር ሰዓት) የሆነ ባለ 20ሲ ባትሪ የ2.2ን 20 እጥፍ፣ እስከ 44 አምፒር ይሰጣል። ሽቦ ካጠረባችሁ በሞተሩ በኩል ቀጥሉ። የባትሪው ሽቦ ሲረዝም የኢኤስሲውን ካፓሲተር ይጎዳል።

አሁን የሁለቱን ኢኤስሲ ትንንሽ ሽቦዎች በዋይ ቅርጽ ኬብል አገናኝታችሁ ሪሲቨሩ (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ዕቃ) ላይ ሰኩ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ሁለቱም ኢኤስሲዎች በቀዩ ሽቦ ለሪሲቨሩ 5 ቮልት ይሰጣሉ፤ እርስ በርስም ይጋፋሉ። የአንዱን ቀይ ሽቦ ከሶኬቱ በመርፌ ጫፍ አውጡና በናስትሮ ጠቅልሉት። ጥቁሩንና የትእዛዙን ሽቦ አትንኩ።

ቀጥሎ ሪሞቱን አብሩ፣ የፍጥነት ዘንጉን እስከ ላይ ግፉ፣ ባትሪውን ሰኩ። ሁለቱም ቢፕ ሲሉ ዘንጉን እስከ ታች መልሱ። አብዛኛው ኢኤስሲ የዘንጉን ልክ፣ ላይኛውንና ታችኛውን ጫፍ፣ የሚይዘው እንዲህ ነው።

ቀስ እያላችሁ ፍጥነት ስጡ። በተቃራኒው የሚዞር ካለ ከሦስቱ የሞተር ሽቦዎች ማንኛቸውንም ሁለቱን አቀያይሩ። አንዱ ዘግይቶ የሚነሣ ከሆነ ልኩን ድገሙት። እኩል ሲነሡ ፕሮፔለሮቹን ግጠሙ።