ባለ ብሌድ ጂግ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ በትል ማጥመድ ለለመደ ሰው፣ ባለ ብሌድ ጂግ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ማጥመጃ መጀመሪያ ሲያየው ግር ይለዋል። ትል የለውም። ዓሣም አይመስልም። መንጠቆ ላይ የፈሰሰ የእርሳስ ጭንቅላት፣ ከኋላው የሲሊኮን ክሮች፣ ከፊቱ ደግሞ ብሌድ የምትባለው የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ስስ ብረት ነው። ሲጎተት ብረቷ ግራና ቀኝ ትርገበገባለች፤ ንዝረቱ ዘንጉን እስከያዘው እጅ ድረስ ይመጣል። ባስ የሚባለው አዳኝ ዓሣ ይህን ንዝረት በግራና ቀኝ ጎኑ ባለው የስሜት መስመር ያውቀዋል፤ ውሃው ቢደፈርስም ያገኘዋል። አሜሪካ ውስጥ ቻተርቤይት በሚል ስም ይታወቃል። ስሙ የገነነው በ2006 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኦኪቾቢ ሐይቅ ላይ ውድድር ካሸነፈ በኋላ ነው።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባስም ሆነ ስኔክሄድ የሚባለውን ሌላ አዳኝ ዓሣ የምይዘው ጋራዥ ውስጥ በሠራሁት ጂግ ነው። እዚህ ለመድረስ ብዙ እርሳስና ብዙ መንጠቆ አበላሽቻለሁ። እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

እርሳስን ወጥ ቤት ውስጥ ማቅለጥ

ከሁሉም ስህተት የከፋው ይሄ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት፣ ቡና በሚፈላበት ቤት እርሳስ አይቀለጥም። ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። ደግሞ ጭሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጂጉን በሞረድ ስታስተካክሉ የሚረግፈው ብናኝ ልብስ ላይ ይቀራል፤ ከልብስ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ ልጅ እጅ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው ደጅ ወይም በሩ በተከፈተ ጋራዥ ይሁን፤ ብናኙንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ልብሱ ለብቻው ይታጠብ። ድስቱና ጭልፋው ዳግም ምግብ አይንኩ። እጅ በሳሙና በደንብ ሳይታጠብ ጉርሻ የለም።

እርሳሱን ጨርሶ ትቶ በሌላ ብረት መተካትም ይቻላል። ቢስመዝ በ271 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቲን በ232 ይቀልጣሉ፤ እርሳስ 327 ይፈልጋል። ቲን ግን ቀላል ነው። 10 ግራም እርሳስ የሚይዝ ሞልድ (የቀለጠው የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) በቲን ስትሞሉት 6.5 ግራም ገደማ ይወጣችኋል፤ ስለዚህ ተለቅ ያለ ሞልድ ምረጡ። ኒው ሃምፕሸርና ማሳቹሴትስ ለምታጠምዱ ደግሞ ምርጫም አይደለም። እዚያ ከአንድ አውንስ፣ ማለትም ከ28 ግራም ገደማ፣ በታች የሆነ የእርሳስ ጂግ ሐይቅና ወንዝ ላይ ተከልክሏል። ሉን የሚባለው ጠላቂ ወፍ ይውጠውና ተመርዞ ይሞታል።

እርጥብ ሞልድ

አንድ የክረምት ማታ ሞልዱን ከቀዝቃዛ መኪና አውጥቼ ወዲያው እርሳስ አፈሰስኩበት። ላዩ ላይ ጤዛ ነበር፤ አላየሁትም። ውሃው በአንዴ ተንኖ እርሳሱን ወደ ላይ ረጨው። እጅጌዬ ተበሳ። መነጽር ባላደርግ ኖሮ ዓይኔ ይጠፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞልዱን አስቀድሜ ሳላሞቅ አንድ ጠብታ አላፈስም። ማሞቁ ሌላም ጥቅም አለው፦ እርሳሱ ጠርዝ ድረስ ይሞላል፤ ግማሽ ጭንቅላት ያለው ጂግ አይወጣም።

እርሳስ ነው ተብሎ ከጎማ ቤት የሚለቀመውን የጎማ ማመጣጠኛ ክብደትም ተጠንቀቁ። ብዙው አሁን ዚንክ ወይም ብረት ነው። ዚንክ ከእርሳስ ጋር ከተቀላቀለ ድስቱ ሙሉ ይበላሻል፤ ሞልዱን በደንብ አይሞላም። ዚንክ የሚቀልጠው በ419 ዲግሪ ስለሆነ ሙቀቱን ዝቅ አድርጉና ላይ የሚንሳፈፈውን ቶሎ አውጡት።

ብሌዷን አርቆ ማሰር

ጂጉ ያምራል፣ ውሃ ውስጥ ግን ድምፅ የለውም። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ስለዚህ ነው። መልሱ ጭንቅላቱ ላይ ነው።

ብሌዷ ብቻዋን አይደለም የምትሠራው። ውሃው ወደ አንድ ጎን ይገፋታል፤ ጠርዟ የእርሳሱን ጭንቅላት ይመታል፤ ያኔ ወደ ሌላው ጎን ትመለሳለች። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ይሄ ምት ነው። በብሌዷና በመንጠቆው ቀዳዳ መካከል ትልቅ ቀለበት ካስገባችሁ ጭንቅላቱ ላይ አትደርስም። ዝም ብላ ትዞራለች ወይም ጂጉን ወደ ጎን ትገለብጠዋለች።

መፈተኛው ቀላል ነው። ጂጉን በእጃችሁ ይዛችሁ ብሌዷን ወደ ኋላ ግፏት። ጠርዟ ጭንቅላቱን ካልነካ ቀለበቱን አሳንሱ። ግን ደካማ አይሁን! እንደ ቁልፍ መያዣ የተጠቀለለች ርካሽ ቀለበት ተጠቅሜ፣ አንድ ትልቅ ስኔክሄድ አስፍቷት ጂጌን ይዞ ሄዷል። እኔ የተናደድኩት ዓሣው ስላመለጠኝ ብቻ አይደለም። አፉ ውስጥ ብረት ይዞ መሄዱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስስ ቆርቆሮ፣ የተዛባ ቀዳዳ

ከለስላሳ ጣሳ ተቆርጦ የሚሠራ ብሌድ ሁለት ሦስት ውርወራ ላይ ይጣመማል። እኔ 0.8 ሚሊሜትር የማይዝግ ብረት እጠቀማለሁ። ሁለቱ ቀዳዳዎች፣ የክሩና የቀለበቱ፣ በትክክል መሃል መስመር ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ትንሽ ከሸሸ ጂጉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ከበሳችሁ በኋላ የቀዳዳውን ከንፈር ሞርዱት፤ ካልሆነ ቀለበቱን ይበላዋል።

ሌሎቹ

የዱቄት ቀለም ስትቀቡ የመንጠቆውን ቀዳዳ አትድፈኑት፤ ከደረቀ በኋላ መቆፈር ልብ ያደርቃል። ቀለሙ የሚጋገርበት ትንሽ ምድጃም ምግብ አይግባበት። ከኋላ የሚሰካው የፕላስቲክ ዓሣ ደግሞ ወፍራም ከሆነ ንዝረቱን ያፍነዋል። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ይሁን።

ጂጉን ሳትፈትሹ ወደ ወንዝ አትውጡ። ገንዳ ውስጥ ወይም ዳር ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። በዝግታ ሲጎተት ካልተንቀጠቀጠ፣ ብሌዷን ክር በሚታሰርበት ጫፍ በኩል በፒንሳ በጣም ጥቂት አጉብጧትና እንደገና ሞክሩ። የኔ አንዳንዴ ሦስተኛው ላይ ነው የሚነሳው።