የኮሌስትሮል ክትትልዎን በስልክዎ እንዴት ይይዛሉ?

ኮሌስትሮል ሲጨምር አያምም፤ ለዚህም ነው የሚዘነጋው። ከመንዝም ይሁን ከአንኮበር ወርደው ይመረመራሉ፣ ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ተጨማዶ ይቀራል፣ በቀጣዩ ቀጠሮ ባለሙያው ከዜሮ ይጀምራል። ስልክዎ ኮሌስትሮል አይቀንስም። ወረቀቱን ግን አይጥልም።

1. ውጤቱን እንደተቀበሉ ፎቶ ያንሱት። ቀኑና መለኪያው ይታይ። አንዱ ላብራቶሪ በሚሊግራም፣ ሌላው በሚሊሞል ይጽፋል። ኤልዲኤል (መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል) 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት በሚሊሞል 3.4 ገደማ ነው። ይህን ያላየ ሰው «ከ130 ወደ 3.4 ወረደልኝ!» ብሎ ጮቤ ይረግጣል። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ይላኩት፤ ስልኩ ቢጠፋም እሱ አይጠፋም። ከሥሩ የደም ግፊትዎንና የተመረመሩት በጾም ይሁን በፍስክ ይጻፉ። ሁለት ወር ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ ከርሞ የተለካ ቁጥር፣ ከፋሲካ ዱለትና ጮማ በኋላ ከተለካው ሊለይ ይችላል።

2. የኮሌስትሮል መድኃኒት ታዞልዎት ከሆነ ለክኒኑ አላርም ይሙሉ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ለምሽቱ 2 ሰዓት 20፡00 ብለው ነው የሚሞሉት። 2፡00 ካሉት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይጮህብዎታል፤ ያኔ አላርሙን ከነክኒኑ ይተዉታል። ከኮሌስትሮል ክኒኖች ሲምቫስታቲን የሚዋጠው ማታ ነው። አቶርቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት ይሆናል፣ ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ይሁን እንጂ። ክኒኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የሚያስታውስ ሌላ አላርምም ይጨምሩ። ፋርማሲ ሩቅ ለሆነበት ሰው ይህኛው ይበልጣል።

3. ክኒኑን እየዋጡ ጡንቻዎን ካመመዎት የጀመረበትን ቀን ይመዝግቡና ለጤና ጣቢያው ይደውሉ። ሽንትዎ ከጠቆረ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበም አስቀድመው ይናገሩ። ውጤቱ አማረ ብለው በራስዎ አያቁሙ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ቁጥሩ ይመለሳል።

4. መድኃኒት ከጀመሩ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ድጋሚ መመርመር የተለመደ ነው። ቀኑን ከባለሙያው ጋር ወስነው ስልኩ ላይ ይያዙት። ካርድ ክፍል ተራ ሲጠብቁ ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ያዘጋጁ።

ጣት ካሜራ ላይ አስደግፎ ኮሌስትሮል «የሚለካ» አፕ ካጋጠመዎት ያጥፉት። ያለ ደም አይለካም።

እናትና አባትዎ ተራ ስልክ ከያዙም ችግር የለም፤ አላርም አለው። ፎቶውን እርስዎ ይያዙላቸው፣ ማታ ማታ ደውለው «ክኒኗን ዋጣችሁ?» ይበሏቸው።