«ማስተር እና ማርጋሪታ»ን ከምድጃው ጀምሮ ማንበብ

ይህን መጽሐፍ ጀምሮ የተወው ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱም ይገባኛል። አንደኛው ምዕራፍ ላይ ሁለት የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሞስኮ ውስጥ ኩሬ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ኢየሱስ ነበረ ወይስ አልነበረም» እያሉ ያወራሉ፣ አንድ የማይታወቅ የውጭ አገር ሰው (ሰይጣኑ ወላንድ ነው) መጥቶ ወሬያቸው ውስጥ ይገባል፣ እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ገጹን ስትገልጡ ግን በአንዴ ኢየሩሳሌም ናችሁ። ጲላጦስ ራስ ምታቱ ሊገድለው ደርሶ ችሎት ተቀምጧል። ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ሞስኮ። ትንሽ ቆይቶ የሚያወራ ድመት ይመጣል። ማስተሩ ራሱ በወጉ የሚገባው 13ኛው ምዕራፍ ላይ ነው፣ ማርጋሪታ ደግሞ 19ኛው ላይ። ሰው ቢሰለች አይፈረድበትም።

እኔ የምለው መጀመሪያ እንዴት እንደተጻፈ እወቁ፣ ከዚያ ክፈቱት ነው። የሶቪየት ዘመን ደራሲው ሚኻይል ቡልጋኮቭ ይህን ልብ ወለድ ከ1928 እስከ 1940 ድረስ ነው የጻፈው (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱት)። 12 ዓመት ማለት ነው። ሲጀምር የተናደደ ቀልደኛ ነበር፣ መሃል ላይ የሚወዳት ሴት አገኘ፣ ሲጨርስ ሞቱን የሚጠብቅ በሽተኛ ነበር። ሦስቱም ሰውዬዎች መጽሐፉ ውስጥ አሉ። ድምፃቸውን መለየት ስትጀምሩ ያ ዝብርቅርቅ የመሰላችሁ ነገር መልክ ይይዛል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን የያዛችሁትን ቅጂ አረጋግጡ። ይሄ ዋናው ነገር ነው። ልብ ወለዱ መጀመሪያ የታተመው ደራሲው ከሞተ ከ26 ዓመት በኋላ «ሞስክቫ» በተባለ መጽሔት ላይ ነው፤ ግማሹ በኅዳር 1966፣ ግማሹ በጥር 1967። ሳንሱር ከመቶ 12 ያህሉን ቆርጦ ጥሎታል። የተቆረጠው በነሲብ አይደለም። ሰዎች ከቤታቸው እየተወሰዱ የሚጠፉበት፣ የምስጢር ፖሊስ የሚሸትበት፣ ስለ ቤት እጦትና ስለ ውጭ ምንዛሪ የሚወራበት ቦታ ነው በአብዛኛው የተነካው። የሶቪየት አንባቢ ዝም አላለም፤ የጎደሉትን አንቀጾች በታይፕ እየገለበጠ፣ የትኛው ገጽ ላይ የትኛው መስመር ጋ እንደሚገባ እየጻፈ፣ ከእጅ ወደ እጅ ያዞረው ነበር። ሳሚዝዳት የሚባለው ይሄ ነው። ሙሉው ጽሑፍ አገር ውስጥ በመጽሐፍ የወጣው በ1973 ነው።

ይህ ለእናንተ ለምን ያስፈልጋል? በእንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ በ1967 ከወጡት ሁለት ትርጉሞች የሚራ ጊንስበርግ የተሠራው ከተቆረጠው ጽሑፍ ነው። የማይክል ግሌኒ ከሙሉው ነው። የጊንስበርግ ቋንቋ ደስ ይላል፣ አልክድም፣ ግን ለመጀመሪያ ንባብ አትምረጧት። የአታሚውን መግቢያ ሳታነቡ ለመፈተን ከፈለጋችሁ 15ኛውን ምዕራፍ ክፈቱ። የቤቶች ማኅበር ሊቀመንበሩ ኒካኖር ኢቫኖቪች ሕልም ያያል። ሕልሙ ውስጥ ትልቅ ቲያትር ቤት አለ፣ ተመልካቹ ጢሙን ያሳደገ ወንድ ብቻ ነው፣ ሁሉም መሬት ላይ ተቀምጧል፣ መድረክ መሪው አንድ በአንድ እየጠራ «የደበቅከውን የውጭ ምንዛሪ አስረክብ» ይላል። ይህ ሕልም ረጅም ነው። ከሌለ ወይም ቁንጽል ከሆነ መጽሐፉን መልሱና ሌላ ፈልጉ።

አሁን ወደ ምድጃው።

በ1926 ግንቦት የምስጢር ፖሊስ የቡልጋኮቭን ቤት ፈተሸ። የግል ማስታወሻውንና «የውሻ ልብ» የተባለውን ሥራውን ወሰዱበት። ከዓመታት ልመና በኋላ ሲመለስለት ማስታወሻውን ራሱ አቃጠለው፤ ዛሬ ልናነበው የቻልነው ፖሊስ ገልብጦ መዝገብ ቤት ስላስቀመጠው ነው። በ1929 ተውኔቶቹ በሙሉ ከመድረክ ወረዱ። በመጋቢት 1930 ስለ ሞሊየር የጻፈው አዲሱ ተውኔትም ታገደ። ያኔ ነው የጀመረውን የሰይጣን ልብ ወለድ፣ የዚህኑ መጽሐፍ የመጀመሪያ ረቂቅ፣ እሳት ውስጥ የጨመረው። መጋቢት 28 ለሶቪየት መንግሥት በጻፈው ደብዳቤ ላይም አልደበቀውም፤ የሰይጣኑን ልብ ወለድ ረቂቅ በገዛ እጄ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት ብሎ ጻፈ። እዚያው ደብዳቤ ላይ በአሥር ዓመት ውስጥ ስለ እሱ የተጻፉ 301 ሂሶች እንደሰበሰበ ይናገራል። ሦስቱ አመስግነውታል፣ 298ቱ ሰድበውታል። ቁጭ ብሎ ቆጥሯቸዋል። ሚያዝያ 18 ስታሊን ራሱ ስልክ ደወለለት፤ ከዚያ የሞስኮ አርት ቲያትር በረዳት አዘጋጅነት ተቀበለው። እንጀራ አገኘ። የሚያሳትምለት ግን አላገኘም።

እንዴት እንዳቃጠለው ደግሞ ልብ በሉ። ደብተሮቹን እንዳሉ አልወረወራቸውም። ቅጠሎቹን ይዞ ወደ ጎን ቀደዳቸው። የሁለት ደብተሮች ጥራዝ ተረፈ፣ በስፌቱ ዳር የተቀደዱ ገጾች ቅሪት እንደተያያዘ። በየመስመሩ ጥቂት ፊደል፣ ግማሽ ቃል። በኋላ ተመራማሪዋ ማሪዬታ ቹዳኮቫ እነዚያን ቁርጥራጮች ይዛ የጎደለውን ጎን እየገመተች የመጀመሪያውን ረቂቅ መልሳ ለማቆም ሞክራለች። እዚያ ረቂቅ ውስጥ ሰይጣን ሞስኮ አለ፣ ጲላጦስ አለ። ማስተርና ማርጋሪታ የሉም።

ስለዚህ ንባቡን ስትጀምሩ የመጀመሪያዎቹን 12 ምዕራፎች እንደዚያ የተናደደ ሰው ሥራ አድርጋችሁ ያዟቸው። ምዕራፎቹ ደጋግመው ስለተጻፉ ይሄ የ1928 ነው፣ ያ የ1934 ነው ብሎ በመቀስ መቁረጥ አይቻልም። ድምፁ ግን ይሰማል። የደራስያን ማኅበሩ ምግብ ቤት ውስጥ ሊቀመንበሩ መሞቱ ሲሰማ የሚሆነውን አንብቡ። አንድ አፍታ ጫጫታ፣ ከዚያ ሰው ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ይህን የጻፈው 298 ሂስ የቆጠረ ሰው ነው።

13ኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። ማስተሩ በእብዶች ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ለጎረቤቱ ስለ ጲላጦስ የጻፈውን ልብ ወለድ እንዴት እንዳቃጠለ ይነግረዋል። የተጻፈበት ወረቀት በቀላሉ አይነድም ይላል። ጥፍሩ እየተሰበረ ደብተሮቹን ይቀዳድዳል፣ በእንጨቶቹ መካከል አቁሞ ይከታቸዋል፣ በእሳት መቆስቆሻው ይደበድባቸዋል። አመዱ እያፈነው። ማርጋሪታ ደርሳ የተረፈችውን እስር በባዶ እጇ ከእሳቱ ትመነጭቃለች። እንዲህ ያለ ነገር ያላደረገ ሰው ወረቀት እምቢ እንደሚል አያውቅም። ደብተሩን መቅደድ እንደሚያስፈልግም አያውቅም። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ቦታ ስታነቡ የእነዚያን ሁለት ደብተሮች ስፌት አስቡ።

«የእጅ ጽሑፍ አይቃጠልም» የምትለዋን ዝነኛ ዓረፍተ ነገር 24ኛው ምዕራፍ ላይ ታገኟታላችሁ። ሰው መፈክር አድርጓታል። እኔ ግን ብቻዋን ነጥላችሁ አታውጧት እላለሁ። የሚናገራት ሰይጣኑ ነው፣ ድመቱ ደግሞ ከተቀመጠበት ወንበር ሲነሳ የተቃጠለው ልብ ወለድ ከሥሩ ይገኛል። የጻፋት ሰው ጽሑፍ እንደሚቃጠል በደንብ ያውቅ ነበር። ምኞት ናት እንጂ እውቀት አይደለችም። እኔ እንደዚያ ሳነባት ነው የምታመኝ።

ቀጥሎ ኤሌናን እወቁ። ኤሌና ሰርጌዬቭና የከፍተኛ መኮንን ሚስት ነበረች፣ ልጆች ያሏት፣ ቤቷ የሞላ። ከቡልጋኮቭ ጋር በ1929 ተዋወቁ፣ ባሏ ሲደርስበት ተለያይተው ቆዩ፣ በ1932 ተጋቡ። ቡልጋኮቭ ልብ ወለዱን እንደገና ሲይዘው ነው ማርጋሪታ የተባለች ሴት ገጹ ላይ ብቅ ማለት የጀመረችው። በመጽሐፉም ማርጋሪታ የሚወዳት ባልና ትልቅ ቤት እያላት አርባት አካባቢ ወዳለ ምድር ቤት፣ ወደ አንድ ድሃ ደራሲ የምትሄድ ሴት ናት። ሁለቱን ሴቶች አንድ ናቸው ብላችሁ አትጣበቁ። ግን 19ኛው ምዕራፍ ሲጀምር ድምፁ ለምን እንደሚለወጥ ይገባችኋል። ፌዘኛው ሰውዬ ዞር ብሎ «አንባቢ ሆይ፣ ተከተለኝ» ይላችኋል።

ሦስተኛው ነገር መሳቢያው ነው። ይህ መጽሐፍ «የታገደ» ይባላል፣ ትክክልም ነው፣ ግን ደራሲው በሕይወት እያለ አንድም ሳንሱር ዓይኑን አላሳረፈበትም። የሚያስረክብለት ስላልነበረ። በጥቅምት 1934 ደብተሩ ላይ «ከመሞት በፊት መጨረስ!» ብሎ ለራሱ ጻፈ። በ1938 በጋ የኤሌና እህት ኦልጋ እሱ እየነገራት በታይፕ መታችው። ኤሌና ያኔ ከልጆቿ ጋር ገጠር ነበረች። ቡልጋኮቭ በጻፈላት ደብዳቤ ምን ይሆናል ብለሽ ትጠይቂያለሽ፣ አላውቅም፣ ምናልባት የተገደሉት ተውኔቶቼ ካሉበት ቁም ሣጥን ውስጥ ታስቀምጪው ይሆናል ይላታል። በ1939 ጸደይ ቤቱ ውስጥ ለወዳጆቹ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ደርቀው ነው የሰሙት። አንዱ ወዳጅ ኮሪደር ላይ ኤሌናን ይዞ በፍጹም እንዳታስረክቡት፣ መዘዙ ከባድ ነው ብሎ በፍርሃት አስጠነቀቃት።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። ወላንድ ማን ነው፣ ስታሊን ነው ወይ፣ ድመቱ ማን ነው እያላችሁ ቁልፍ አትፈልጉ። ምስጢር የሚቋጥር ሰው የሚቋጥረው ሳንሱርን ለማሳለፍ ነው። ይህ ሰው በመጨረሻ የጻፈው ለቁም ሣጥን ነበር፤ የሚያሳልፈው ሳንሱር አልነበረውም። ስለዚህ ሞስኮን እንዳየ፣ ጲላጦስን እንዳሰበ ነው የጻፈው። አባቱ የኪየቭ መንፈሳዊ አካዳሚ ፕሮፌሰር ነበሩ፣ የኢየሩሳሌሙ ምዕራፍ ውስጥ ያለው ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ከዚያ መገመት ይቻላል። ጲላጦስ ደግሞ ንጹሕ መሆኑን የሚያውቀውን ሰው ፈርቶ አሳልፎ ይሰጣል። መጽሐፉ ፍርሃትን ከኃጢአቶች ሁሉ የከፋ ይለዋል። ኮሪደር ላይ ስለፈራው ወዳጅ ያወቀ ሰው ይህን ሲያነብ ሆዱ ይባባል።

ስሞቹ ካስቸገሯችሁ በወረቀት ጻፏቸው። የሩሲያ ሰው በአባቱም ስም ስለሚጠራ አንድ ሰው ሁለት ይመስላል። ከተቻለ ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ መጀመሪያ በድምፅ የተሰማ መጽሐፍ ነው።

መጨረሻውን ለማንበብ የመጨረሻውን ክረምት ማወቅ ግድ ነው። በነሐሴ 1939 ስለ ወጣቱ ስታሊን የጻፈው ተውኔት ታገደ፤ ለዝግጅቱ ወደ ጆርጂያ እየሄዱ ሳለ ባቡር ላይ «አያስፈልግም፣ ተመለሱ» የሚል ቴሌግራም ደረሳቸው። በመስከረም ዓይኑ መድከም ጀመረ። የኩላሊት በሽታ ነበር፣ አባቱም በዚያው በ47 ዓመታቸው ነው የሞቱት። ቡልጋኮቭ ሐኪም ስለነበር ምን እንደሚጠብቀው የሚያስረዳው ሰው አላስፈለገውም። አልጋ ላይ ሆኖ ኤሌና ታነብለታለች፣ እሱ ያርማል፣ እሷ ትጽፋለች። የካቲት 13 ቀን 1940 ማርጋሪታ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆና የቀብር ሰልፍ የምታይበት 19ኛው ምዕራፍ ጋ ደረሱ። እዚያ ቆመ። መጋቢት 10 ሞተ፣ በ48 ዓመቱ።

ስለዚህ ከዚያ ቦታ በኋላ ስታነቡ ስፌቱ ሲታያችሁ አትደንግጡ። 30ኛው ምዕራፍ ላይ ነርሷ በ118 ቁጥር ክፍል የነበረው ጎረቤት አሁን ሞተ ትላለች፤ ማስተሩ ነው። ማርጋሪታም ቤቷ ውስጥ ስትወድቅ እናያለን። ማጠቃለያው ላይ ደግሞ ፖሊስ ሁለቱም ታፍነው ተወሰዱ፣ የት እንደገቡ አይታወቅም ብሎ መዝገብ ይዘጋል። የሞተ ሰው እንዴት ይጠፋል? እኔ መጀመሪያ ሳነበው የሆነ ገጽ የዘለልኩ መስሎኝ ሦስቴ ወደ ኋላ ተመልሼ ፈልጌያለሁ። እናንተ አትፈልጉ። የዘለላችሁት ነገር የለም። እርማቱ እዚያ አልደረሰም።