የአደባባይ ግዙፍ ስክሪን ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ትልቅ ጨዋታ በአደባባይ ለማሳየት የሚነሣ አዘጋጅ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስክሪኑ ስንት በስንት ይሁን?» ብሎ ነው። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ሕዝቡ በየት ገብቶ፣ የት ቆሞ፣ በየት እንደሚወጣ ሳይታወቅ የስክሪኑ ቦታ ሊወሰን አይገባም። ስክሪኑ በዋናው መግቢያ አጠገብ ከተተከለ የገባው ሁሉ እዚያው ይቆማል፣ ከኋላ የሚመጣው ይገፋል፤ የሜዳው ግማሽ ባዶ ሆኖ ሳለ በሩ ላይ ያለው ሰው መተንፈሻ ያጣል።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት የቦታውን አቅም በዓይን መገመት ነው። ቆመው ለሚመለከቱ ሰዎች በካሬ ሜትር 4 ሰው እንደ ደህንነት ጣሪያ ሲወሰድ፣ ቁጥሩ 6 እና ከዚያ በላይ ከደረሰ ማንም በፈቃዱ መራመድ አይችልም፤ ግፊያው እንደ ማዕበል ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል። የድምፅ ማጉያ ማማዎች፣ ድንኳኖችና ስክሪኑ የማይታይባቸው ጥጎች ከስሌቱ መቀነስ ሲገባቸው፣ የአደባባዩን ጠቅላላ ስፋት በ4 አባዝቶ በዚያው ልክ ሰው የሚያስገባ ግን አይጠፋም። መውጫውም መሰላት አለበት። በብሪታንያ የስታዲየሞች ደህንነት መመሪያ መሠረት፣ በደልዳላ መሬት ላይ 1 ሜትር ስፋት ባለው መውጫ በደቂቃ 82 ሰው ያልፋል፤ ስለዚህ በጠቅላላው 10 ሜትር መውጫ ያለው ግቢ 10,000 ሰው ለማስወጣት ከ12 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል፤ ያውም ማንም ካልደነገጠ ነው።

ሕዝብ ሲደነግጥ የሚሆነውን የጣሊያኗ ከተማ ቱሪን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2017 የዩቬንቱስንና የሪያል ማድሪድን የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ለማየት በሳን ካርሎ አደባባይ የተሰበሰበው ሕዝብ፣ ዘራፊዎች በረጩት የሚያቃጥል ስፕሬይ ተደናግጦ ሲሮጥ ከ1,500 በላይ ሰዎች ተጎዱ፤ ሕይወታቸው ያለፈም አሉ። ብዙዎቹን የቆረጣቸው በእግራቸው ሥር የተከሰከሰው ጠርሙስ ነበር። ጠርሙስን በር ላይ ማስቀረት ጥቃቅን ደንብ ይመስላል፤ እኔ ግን አንድ ደንብ ብቻ ምረጥ ብባል ይህንኑ እመርጣለሁ።

ወደ ስክሪኑ ስንመጣ፣ ቀን ለሚደረግ ጨዋታ ፕሮጀክተር መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በፀሐይ ብርሃን የሚታየው ነጭ ሸራ ብቻ ይሆናል። የኤልኢዲ ስክሪንም ቢሆን ለቀን የሚመረጠው ብርሃኑ 5,000 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ነው። ፀሐይዋ በጨዋታው ሰዓት ከስክሪኑ ጀርባ የምትወርድ ከሆነ ተመልካቹ ዓይኑን በእጁ ከልሎ ያመሻል፤ ስለዚህ ቦታውን ከጥቂት ቀናት በፊት በዚያው ሰዓት ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። የስክሪኑ የታችኛው ጠርዝም ከቆመ ሰው ራስ በላይ ይሁን፤ አለዚያ ከኋላ ያለው ሰው ኳሱን ሳይሆን የፊተኛውን ባርኔጣ ያያል።

በድምፅ በኩል የተለመደው ስህተት ማጉያዎቹን ሁሉ ከፊት ደርድሮ ድምፁን መጨመር ነው። ፊት ያለው ይደነቁራል፣ ኋላ ያለው ደግሞ አይሰማም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የሚሰማው ከሰከንድ ሲሶ ገደማ ዘግይቶ ነው፤ ለኋለኛው ሰው ተብለው በመሃል የሚተከሉት ማጉያዎች ከፊተኞቹ በራቁበት ልክ እንዲዘገዩ ካልተደረገ ንግግሩ እርስ በርሱ ይደበላለቃል።

ስርጭቱን በኢንተርኔት መቀበል ሌላ ጣጣ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከሳተላይቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ተጫዋች ገና ኳሱን እያስቀመጠ ሳለ፣ ከመንገዱ ማዶ በሳተላይት የሚያዩ ጎረቤቶች «ጎል!» ብለው ይጮኻሉ። አደባባዩ ሁሉ አንገቱን ያዞራል፤ ከዚያ በኋላ ኳሱ ሲመታ የሚደነቅ አይኖርም። የማሳየት ፈቃድንም ከስርጭት መብቱ ባለቤት አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው።

ስክሪኑንና የግቢውን መብራት በአንድ ጄኔሬተር ላይ ማንጠልጠል ደግሞ አደገኛ ቁጠባ ነው፤ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ሕዝቡ በጨለማ ይቀራል። ስክሪን ነፋስን እንደ ሸራ ስለሚይዝም፣ በምን ያህል የነፋስ ፍጥነት ዝግጅቱ እንደሚቆምና ትእዛዙን ማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ይስፈር።

በመጨረሻም የሠራተኛውን ፈረቃና የአውቶቡሱን ሰዓት በ90 ደቂቃ ብቻ ማስላት ተጨማሪ ሰዓትንና ፍጹም ቅጣት ምትን መርሳት ነው። ፊሽካው እንደተነፋም ስክሪኑን ማጥፋት ሁሉንም በአንዴ ወደ በር ይልካል፤ ቃለ መጠይቁና የጎሎቹ ድጋሚ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢቀጥል ግን ሕዝቡ ቀስ በቀስ እየተንጠባጠበ ይወጣል።